ሦስት ጊዜ፣ መልክዓ ምድር ላይ

መግለጫው የመጣው ሌሊት በዘጠኝ ነው፣
ማሞቂያው ጠፍቶ ክፍሉን ሲበርደው።
ኪርኩክ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የሬዲዮ ጣቢያ፤
እኔና አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ አንድ መጻፊያ።
አጭር ናት፤ እንድትደርስ ለጧት ዜና ሰዓት
ከእንግሊዝኛ ወደ ቱርክመን ልመልሳት፦

    በሐምሪን አቅራቢያ፣ በመልክዓ ምድር ላይ
    ሦስት የአየር ጥቃቶች ተፈጽመዋል።
    ቦታው ለጠላት ተነፍጓል።
    ውጤቱ አጥጋቢ መሆኑ ተገምግሟል።

ለምጄዋለሁ ሥራውን፤ ዐሥራ አንድ ዓመት
ተሽከርካሪ፣ ምሽግ፣ የጥይት ማከማቻ ቤት
መልሻለሁ። ድልድይም፣ ጀልባም።
ሁሉም ሲመቱት የሚሰበር አንዳች አለው፤
የመልክዓ ምድር ግን ምኑ ነው የሚሰበረው?

መልክ ካለው ፊት አለው፣ ከዚያ ልጀምር፦
ሐምሪን ወገብ አለው፣ ዛፍ የማያውቅ ቀይ አፈር፤
ትከሻ አለው፣ ፍየል የሚወጣበት፤
ብብት አለው፣ ጥላ የሚያድርበት፤
ግርጌው ላይ ደረቅ ወንዝ፣ አፍ እያለው ዲዳ፣
ዝናብ ሲመጣ ብቻ ሦስት ቀን የሚያወጋ ከሜዳ።
የቱን መቱት?

"ተነፍጓል" ይላል። መንፈግ የንፉግ ግብር ነው፤
የራሱ ያለው ሰው እጁን ሲሰበስብ ነው።
መቼ የእጃቸው ነበር?

"ተፈጽመዋል"፣ "ተገምግሟል"፤
ግሱ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ፤
ማን ፈጸመ ብለው፣ ማነው የገመገመ፣
ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የለውም።
ከዳር እዳር ፈለግሁ።
ባለቤት የለውም።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባለቤቱ ደወለች።

"ነዝሚየ ነኝ" አለች፣ "የጎክ ቡላቅ ሰው፤
ባለቤቴ ማታ ቺማ ሊለቅም ነው
ከወንድሜ ጋራ በሞተር የወጣው።"

ቺማ ሥር የለውም፣ ግንድ የለው፣ ቅጠል፤
ሰማይ ሲያጉረመርም ምድር ትፀንሳለች ይባላል፣
እንደ ድንች ያለ እንጉዳይ፣ ከአሸዋ በታች።
መሬቱ ፀጉር ያህል ስንጥቅ ካሳየ፣ እዚያ ነው፤
በጣት ነው የሚወጣ፣ እንዳይቆስል ብለው።
ጥሩ ሌሊት ከሆነ፣ የሳምንት ዱቄት ነው።

"ሌሊት ሦስት ጊዜ ነጎደ" አለችኝ፤
"ቺማ ሊበዛ ነው ብዬ ደስ አለኝ፣
አላህ ይቅር ይበለኝ።
ወጥቼ ሳይ ግን ኮከብ ነው፤ ደመና የለም።
ሐምሪን ነው የተባለው?"
"ሐምሪን ነው።"
"ሰው መቱ?"
"ሰው አይልም።"
"መኪና?"
"አይልም።"
"ሞተርስ?"
"አይልም።"
"ታዲያ ምን መቱ?"

ሻዬ ቀዝቅዟል።
"መልክዓ ምድር" አልኳት።
ዝም አለች፤ ቆይታ፣ "እሱ ምንድን ነው?"
"መሬቱን" አልኳት፣ "ባዶውን መሬት ነው።"

ባዶ የሚል ቃል መግለጫው ላይ የለም።
እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ ትንሽ እንድትተኛ።

"ባዶ?" አለች። "ቺማው የት ሄዶ?"

ጧት አንድ ሰዓት ላይ ዜናውን አነበብኩ፣
እንዳለ፣ በጥሩ ድምፅ፤ አልተደናቀፍኩ።
ቃል መመለስ ነው እንጀራዬ፤
ሰው መልሼ አላውቅም።
እሷም አልደወለች።

በአራተኛው ቀን ዘበኛው ፌስታል ሰጠኝ፣
ውስጡ አምስት ቺማ፣ አንዱ የተሰነጠቀ።
"ማን አመጣው?" አልኩት።
"ተቀመጠ" አለኝ።
"ሴት ናት? ወንድ ነው? በሞተር ነው?"
"እኔ ተረኛ ሳልሆን ነው። ተቀመጠ፣ ጌታው።"

ከቧንቧው ሥር ይዤው ቆሜያለሁ።
ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤
አሁንም አሸዋ ይወጣዋል።